የሦስት ሰዓቱ ጥሪ

ፓራሹቱ ከሰውየው ቀድሞ ተገኘ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ አንዲት ስፌት እንኳ ያልተበጠሰችበት፣ ከአሸዋው ጀርባ በዘንባባዎቹ አናት ላይ እንደ ታጠበ አንሶላ ተሰጥቶ ነበር። ሰውየውን ግን ዓሣ አጥማጆች ከድንጋዮቹ መሃል ያወጡት ከሰዓት በኋላ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው በሰማይ ሲያንሳፍፍ የኖረ፣ የከተማው አብራሪ ሁሉ "ጋሼ" እያለ የሚጠራው፣ አንድም መንገደኛ ሳይጫር ያወረደ ሰው ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። የዝናቡ ወራት ሲያበቃ በጨርቅ ክንፍ ሰው የሚያበርረው የፓራግላይዲንግ ድርጅት የዓመቱን የመጀመሪያ ቱሪስቶች አሸዋው ላይ ይሰበስብና ጋሼ ከኮረብታው ይነሣል። ባሕሩ አናት ላይ ሲደርስ ዋናውን ክንፍ ሆን ብሎ ይለቀዋል፤ ወዲያው ከመቀመጫው ሥር የተጣጠፈውን መጠባበቂያ ፓራሹት ወርውሮ በሱ እየተንሳፈፈ ውሃው ላይ ያርፋል። የከፋ ነገር ቢመጣ እንኳ እንዲህ ነው የምንወርደው ለማለት ነው። ቱሪስቱ ያጨበጭባል፤ ፍርሃቱን ትቶ ይሰለፋል። በዚያን ቀን አምስት ሰዓት ላይም ጋሼ ክንፉን ለቀቀ፣ ፓራሹቱን ወረወረ፣ ፓራሹቱም ተከፈተ። ከዚያ ፓራሹቱ ለብቻው፣ ጋሼም ለብቻው ሄዱ። አሸዋው ላይ የቆሙት ሰዎች የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው ለጥቂት ጊዜ አጨበጨቡ።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር ይህን የጭብጨባ ነገር ስትሰማ ወደ ሰማይ ቀና ላለማለት ዓይኗን አሸዋው ላይ ተከለች። ከፍታ አትወድም። አትወድም ማለት ነገሩን ማሳነስ ነው፤ ወንበር ላይ ቆማ አምፖል ከቀየረች ዓመታት አልፈዋል፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለው የቢሮዋ መስኮት መጋረጃም ተገልጦ አያውቅም። ባልደረቦቿ ብርሃን የማትወድ ይመስላቸዋል፤ እሷም አላረመቻቸውም።

አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ መቀመጫውን መረመረች። የመጠባበቂያውን ገመድ ከመቀመጫው ጋር የሚያያይዘው ከአውራ ጣት የማይበልጥ የብረት ቀለበት ነው፤ በብሎን ይዘጋል። ብሎኑ እስከ ጫፉ ተፈትቷል። ቀለበቱ አፍ ላይ የተበጠሰች ነጭ የስፌት ክር ተንጠልጥላለች።

"ብሎን ማጥበቅ ረስተው ይሆናል" አለ አለቃዋ ኮማንደሩ ከኋላዋ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ።

"የተረሳ ብሎን ክር አይታሰርለትም፣ ጌታዬ" አለች። "ይሄን ያሰረ ሰው ቀለበቱ ክብደት እስኪያርፍበት ድረስ ብቻ እንዲይዝ ነው የፈለገው።"

* * *

ማድረቂያው ክፍል ሲገቡበት ጆሮ ይደፍናል። በዚያ አገር ሙቀትና እርጥበት ጨርቅ ባደረ ቁጥር ይሻግታል፤ ስለዚህ የሰው ቁመት የሚያህል ማራገቢያ ቀንም ሌትም ይጮኻል። በሩም አየር እንዲገባ ተከፍቶ ነው የሚውለው። ሌሊት ዘበኛ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይሄዳል። አራት ሰዓት ላይ ሠራተኞች መጥተው ዕቃውን መኪና ላይ ይጭናሉ። በነዚህ መሃል ያለው አንድ ሰዓት ተኩል የማንም አይደለም።

ፓራሹቶቹን ሁሉ የምታጣጥፈው አንዲት ሴት ናት፤ አጣጣፊዋ ነው የሚሏት። ረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንባዋን በክንዷ ትጠርጋለች።

"አጥብቄዋለሁ!" አለች ማራገቢያውን ለመብለጥ እየጮኸች። "ማታ በእጄ አጥብቄዋለሁ። ካጠበቅኩ በኋላ ደግሞ የጥፍር ቀለም ጠብ አደርግበታለሁ፤ ይዩት ቀለሙን!"

ኢንስፔክተሯ ቀለበቱን ከማስረጃ ላስቲኩ ሳታወጣ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። ብሎኑ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አለ። መሃሉ ለሁለት ተሰንጥቋል።

"ቀለሙ ከተሰነጠቀ ተነክቷል ማለት ነው" አለች አጣጣፊዋ። "ለዚህ ነው የምቀባው። ጋሼ ነው ያስተማረኝ።"

"ታዲያ ጋሼ ራሱ ለምን አላየውም?"

"በጨርቅ ሽፋን ይሸፈናል። ከተሸፈነ በኋላ የሚያየው የለም፤ እኔን ነው የሚያምነኝ።"

"ጠዋት ከሁለት ተኩል እስከ አራት ሰዓት የት ነበርሽ እህቴ?"

"ቤቴ። ራሴን ፈልጦኝ ተኝቼ።"

"ያየሽ ሰው አለ?"

"የቤቴ ጣሪያ።"

ኢንስፔክተሯ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጥ ወይ ንጹሕ ነው፣ ወይ ቂል ነው፤ ሴትዮዋ ቂል አትመስልም።

* * *

የጋሼ ባለቤት እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ባዶ ብርጭቆ ይዛ ተቀምጣ ነበር። ጎረቤት አስወጥታ በሩን ዘጋች።

"ማታ እራቱን አልበላም" አለች። "'ምን ሆነሃል?' ስለው 'ነገ ከትርኢቱ በኋላ አንድ ሰው ከሰማይ አወርዳለሁ' አለኝ። 'ማንን?' አልኩት። 'ተይኝ፤ ስሙን ከጠራሁት ታለቅሻለሽ' አለኝ።"

"ከሰማይ ማውረድ ሲል?"

"መብረር መከልከል ነዋ። እንዲህ ነው የሚለው። ስህተት ለሠራ ሳምንት ይከለክላል። ይሄኛው ግን የሳምንት አልነበረም፤ ፊቱ ያስታውቅ ነበር።"

ኢንስፔክተሯ ከዚያ ቤት ስትወጣ አንድ ሰው በአእምሮዋ ነበር። ባለፈው ሳምንት ቱሪስት ይዞ አየር ላይ ተገለባብጦ የታገደ ወጣት አብራሪ አለ፤ ጓደኞቹ ቀዥቃዣው ይሉታል። ይህ ወጣት በሰው ፊት "ሽማግሌው አንድ ቀን ይወድቃታል" ብሎ እንደነበር ሦስት ሰው ነግሯታል። ቀዥቃዣውን ቤቱ ስታገኘው አንድ ጉንጩ አብጦ ሎሚ አህሏል።

"ጠዋት ከሁለት እስከ አራት ሰዓት የት ነበርክ?"

ከኪሱ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ፈታው። መንጋጋ ጥርስ ነው፤ ከነሥሩ።

"ጥርስ ሐኪሙን ጠይቂው" አለ ባበጠ አፉ። "ሁለት ሰው ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነው የወጣው። ጋሼን ሰድቤዋለሁ፣ አዎ። አባቱን የማይሰድብ ማን አለ?" ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐኪሙ ቃል በቃል አረጋገጠ። ያ መንገድ እዚያ ላይ ሞተ።

* * *

የቀረው ዋና አብራሪ ላባው ነው። ላባው ያሉት ሲያርፍ ስለማይታወቅ ነው፤ አሮጊት ቱሪስቶች ሳይቀሩ "ያ ቀስ የሚለው ይምጣልን" ይላሉ። ጋሼ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ያሳደገው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ዓይን አፋር ሰው ነው።

"ጠዋት ቀማሽ ነበርኩ" አለ ለኢንስፔክተሯ።

ቀማሽ ማለት ምን እንደሆነ አስረዳት። በየጠዋቱ አንድ አብራሪ ተራ ወጥቶለት ከሁሉም በፊት ብቻውን ኮረብታው ላይ ይወጣል፤ ከጀርባው ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ይበርና አየሩ ለእንግዳ ይሆን እንደሆነ በራዲዮ ይናገራል። ሌሎቹ በዚያ ሰዓት ገና ፊታቸውን እየታጠቡ ነው። ቀና ብሎ የሚያይ የለም፤ የቀማሹ ድምፅ ከመጣ በቂ ነው።

"ሦስት ሰዓት ላይ ደውያለሁ፤ ራዲዮው ይቀዳል" አለ። ከዚያ ጣቶቹን ማፍተልተል ጀመረ።

"የምትለው ካለ በለኝ።"

"በሰው ላይ ክፉ ማውራት አልወድም፣ ኢንስፔክተር። ግን… ከላይ ሆኜ ወደ ታች ሳይ አጣጣፊዋ ማድረቂያው ክፍል ስትገባ አይቻታለሁ። ብቻዋን።"

ማታውኑ አጣጣፊዋ ታሠረች። ኮማንደሩ ደስ ብሎታል፤ የቱሪስት ወራት ነው፣ ከላይም ስልክ ይደወላል። "ነገ ስምንት ሰዓት ላይ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል" አለ። "ክፍሉን የምታውቅ፣ ብሎኑን የምታጠብቅ፣ ስትገባ የታየች፣ ቤቴ ተኝቼ ነበር የምትል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ቀለሙን የሚቀባው ሰው ቀለሙን ለምን ሰንጥቆ ይተወዋል? አድሳ ብትቀባው ማን ያውቅባት ነበር?"

"ደንግጣ ይሆናላ!"

ኢንስፔክተሯ መዝገቡን ዘግታ ወጣች። ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚሉት ነገር እየሆነ መሰላት፤ ይህ ሐሳብም ሲያሳክካት አደረ። ይህች ሴት በዚህ ክስ ከገባች በቀላሉ አትወጣም።

በማግስቱ ማለዳ ራዲዮ ክፍል ሄደች። ራዲዮኛዋ ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ቅጂውን አሰማቻት፦ የነፋስ ጩኸት፣ ከዚያም የላባው የረጋ ድምፅ፣ "ቀማሽ ነኝ። ከኮረብታው በላይ ነኝ። አየሩ ደህና ነው።" ስድስት ጊዜ አዳመጠችው።

"የሌሎቹንም ላሰማዎት?" አለች ራዲዮኛዋ። አሰማቻት። በሌሎቹ ቀማሾች ድምፅ ጀርባ ጭው፣ ጭው የሚል ነገር እየገባ ጆሮ ይበላል። "የነሱ ራዲዮ አርጅቷል መሰለኝ። የላባውን የሰማሁት ትናንት ብቻ ነው፤ እሱ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ነፋሱ እንኳ ይሰማል።"

የቀረ አንድ ነገር ነበር። ከዚያ ከፍታ የሰው መልክ ይለያል ወይ? ካልተለየ ምስክርነቱ ውሃ አያነሳም፤ አጣጣፊዋም ትወጣለች። ይህን ለላባው ስትነግረው በትሕትና ፈገግ አለ።

"ይምጡ፣ ላሳይዎ።"

እምቢ ለማለት አፏን ከፈተች። የእሥር ቤቱ ወለል ላይ የተቀመጠችው ሴት ትዝ አለቻት፤ አፏን ዘጋች።

ሁለት ፖሊሶች አሸዋው ላይ እንዲጠብቋት አዝዛ ወደ ኮረብታው ስትወጣ እናቷ ደወለች። የምትሠራውን ነገረቻት፤ መዋሸት አትችልበትም።

"አብደሻል?" አለች እናትየው። "ፈሪ ለናቱ ሲባል አልሰማሽም? ፍሪና ግቢልኝ!"

"ፈርቻለሁ እማዬ፤ እሱን አታስቢ።"

* * *

ላባው ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እየጎተተ ፈተሸላት። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ሁለቱ ወንበሮች በሁለት የብረት ማያያዣ ተጣምረዋል። ፊቱን አታየውም፤ ትንፋሹን ብቻ ከራስ ቁሯ ጀርባ ትሰማለች። ከፊቷ ሣር፣ ከሣሩ ቀጥሎ ምንም።

"ይሩጡ ስልዎት ይሩጡ። እንዳይቀመጡ።"

ሮጠች። እንዴት እንደሮጠች አታውቀውም። ሦስት እርምጃ፣ አራት፣ አምስተኛውን መሬት አላገኘችውም። ጮኸች፤ ማንም እንዳይሰማት ሳትሳቀቅ፣ ከሆዷ ጮኸች። ዓይኗን ስትገልጥ ዘንባባዎቹ ከጫማዋ ሥር ቅጠላቸው እንደ ጎመን ተሰብስቦ ይታያል።

"ይተንፍሱ" አለ ላባው። "አሁን ወደ ቀኝ ይመልከቱ። ያ ቀይ ጣሪያ ማድረቂያው ነው።"

ተመለከተች። በሩ ክፍት ነው። አንዲት ሴት ወጣች፤ መጥረጊያ ይዛለች፣ ሻሿ ቢጫ ነው፣ በግራ እግሯ ታነክሳለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ማን እንደሆነች ከዚህ ያለ ጥርጥር ትለያለች።

 ሰውየው እውነቱን ነው፤ ከዚህ ይታያል። ይህን ሁሉ ፈርታ፣ ይህን ሁሉ ተሰቃይታ፣ ያገኘችው የአጣጣፊዋን መታሠር የሚያጸና ማስረጃ ነው።

ያን ጊዜ ነው ድምፁን ልብ ያለችው። ከጀርባዋ፣ ከላባው ደረት ላይ፣ ጭው፣ ጭው፣ ጭው ይላል። አየሩ ሲያነሣቸው ይፈጥናል፤ ረጋ ሲል ይዘገያል።

"ይሄ የሚጮኸው ምንድነው?"

"የቱ? እ፣ እሱ! ከፍታ መለኪያው ነው።" ሳቅ አለ። "ሃያ ዓመት ሰምቼው ጆሮዬ ረስቶታል። ስንነሣ ይጮኻል፣ ስንወርድ ያጉረመርማል። ዓይን አየር ላይ ይዋሻል፣ እሱ አይዋሽም።"

"ታጠፋዋለህ?"

"ኧረ! እሱን አጥፍቶ የሚበር የለም።" ከዚያ ራዲዮውን አንሥቶ ወደ መሬት ተናገረ፤ "ከኮረብታው በላይ ነኝ። አየሩ ደህና ነው።" ከድምፁ ጀርባ ያው ነገር ጭው፣ ጭው ይላል።

የትናንቱ የሦስት ሰዓት ጥሪ ጥርት ያለ ነበር። ነፋስ ነበረው፣ ድምፅ ነበረው፣ ይህ ግን አልነበረውም። ነፋሱ ከየት መጣ? የሰው ቁመት የሚያህለው ማራገቢያ በጆሮዋ ጮኸ። ትናንት ሦስት ሰዓት ላይ ይህ ሰው ሰማይ ላይ አልነበረም። ራዲዮውን ይዞ ማራገቢያው ፊት ቆሞ ነበር፤ በሌላው እጁ የብሎን መፍቻ ነበር።

አጣጣፊዋን ያየ ዓይን የለም ማለት ነው። እና ገዳዩ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ከኋላዋ ተቀምጧል፤ እሷን ከወንበሩ ጋር የያዟት ሁለቱ ማያያዣዎች በእጁ አጠገብ ናቸው።

 ዝም በይ፣ አለች ለራሷ፤ ዝም ካልሽ ደግሞ ያውቅብሻል፣ ተናገሪ!

"ባሕሩ… ያምራል" አለች። የራሷ ድምፅ አልመስል አላት።

"ጠዋት ነው የሚያምረው" አለ ላባው። "ፀሐይዋ ከወዲያ ስትመጣ ውሃው እስከ ታች ድረስ ይታያል፣ ስለዚህ ቱሪስት ሁሉ…"

ቀጥሎ ምንም አልመጣም።

ጠበቀች። ትንፋሹ አለ፤ ቃሉ የለም። የራስ ቁሩ ትከሻዋ ላይ ቀስ ብሎ ዐረፈ። ክንፉ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረ፤ ጭው ጭው ይል የነበረው መሣሪያ ወደ ረጅም ማጉረምረም ተለወጠ። ከፊታቸው የገደሉ ጥቁር ድንጋይ መጣ።

"ወንድሜ?" አለች። "ወንድሜ! ስማ!"

አልሰማም። እጆቹ መሪ ገመዶቹን እንደጨበጡ ቀርተዋል፣ ግን ማንም የለባቸውም። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለች እየቆጠረች እንደሆነ ኋላ ነው ያወቀችው። እጇን ወደ ላይ ዘረጋች፤ የግራ እጁን አገኘችው፤ ቀዝቃዛ ነው። ከነገመዱ ይዛ ባላት ጉልበት ወደ ታች ጎተተችው። ድንጋዩ ቀስ እያለ፣ እየተለመነ፣ ከፊቷ ወደ ጎን ሸሸ። ስንጥቁ ውስጥ የበቀለውን ሣር ለየችው። ዘጠኝ። አስር። አስራ አንድ።

"…ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚመጣው" አለ ላባው።

ያቋረጠውን ዐረፍተ ነገር ነው የጨረሰው። ያቋረጠው አልመሰለውም። ከዚያ እጇን እጁ ላይ አየ፤ ገደሉንም ከጀርባቸው አየ። እሷም ሌላ ምንም ማወቅ አላስፈለጋትም። ጋሼ ከሰማይ ሊያወርደው የነበረው ሰው ይህ ነው፤ ለሰከንዶች ራሱን የሚያስተውን በሽታ ጋሼ አየበት፣ ለሁልጊዜ ሊከለክለው ነበር።

 ኢንስፔክተሯ ጀርባዋ ዓይን እንዲያወጣ ተመኘች። እጁ ሲንቀሳቀስ በሰማች ቁጥር ማያያዣው ሊፈታ ነው እያለች ዓይኗን ትጨፍናለች።

"አውርደኝ" አለች በመጨረሻ። ማስመሰል አላስፈለጋትም፤ እያለቀሰች ነበር። "ፈራሁ። እባክህን አውርደኝ።"

"እሺ" አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እኔም" አለ።

ስምንት ደቂቃ ወረዱ። በስምንት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ሞታ ስንት ጊዜ እንደተነሣች እሷ ታውቃለች። አሸዋው መጣ፤ እግሯ ሲነካው አልተሰማትም፤ እንደ ስሙ አሳረፋት። ማያያዣዎቹን ፈታላት፣ ክንፉ ከጀርባቸው ተኛ።

በአራት እግሯ ሄዳ ሁለቱ ፖሊሶች እግር ሥር ደረሰች። አንደኛው ሊያነሣት ጎንበስ ሲል ክንዱን ያዘች።

"ጣቢያ ደውል። አጣጣፊዋን መዝገቡ ላይ እንዳይጽፏት፣ እኔ እስክመጣ ይጠብቁ በል።" ከዚያ ዞረች። ላባው አሸዋው ላይ ተቀምጧል፤ አልሸሸም።

"ትናንት የደወልከው ከማራገቢያው ፊት ነው" አለችው። "ከጀርባህ የሚጮኽ ነገር አልነበረም።"

ላባው ደረቱ ላይ ያለውን መሣሪያ ዝቅ ብሎ አየው፤ ገና አሁን ያየው ይመስል። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"መሬት ላይ ምን እሠራለሁ አልኩት" አለ። "ለምኜዋለሁ። ሌላ ምንም አላውቅም፣ እሱ ነው ያስተማረኝ። እምቢ አለኝ።" እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አገላበጣቸው። "አሁን ስንት ሰከንድ ነበር?"

ልትመልስለት አልፈለገችም። ግን የሚያስፈራ ነገር በዓይኑ አየች፤ ለሱ የሚያስፈራ።

"አስራ አንድ።"

"ጋሼ ያየብኝ ቀን ዘጠኝ ነው ያለኝ" አለ ላባው።